ጢስ ያላስለቀሳት ሙሽራ

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ፤ ልጁን ዳረ። ነገሩ ይኸው ነው። ቀሪውን የምነግርህ አንተ ሞኝ ስለሆንክ ነው።

ቁጭ በል ባዘዘው። እዚያ መደቡ ላይ፤ ምስሬን እንዳትረግጥብኝ። ያን ስልክህንም ዝጋው፤ ድንኳን አከራዩ ትንሽ ቢጠብቅ አይሞትም። «እማሆይ፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ» ብለህ ገባህ፤ ጥያቄህንም ሰማሁ። «ልጄን ጥሩዓለምን ልድራት ነው፤ ሰርጉ እሑድ ነው። ልጁን ትፈልጊዋለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ አንተ እንዳልክ፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። እሺ ማለቷ አይደለም ወይ?» አልከኝ። መልሱን በኪስህ ይዘህ ነው የመጣኸው። እኔ «አዎን ልጄ፣ እግዜር ይባርክላችሁ» እንድልህ፣ አንተም ደስ ብሎህ ወደ ድንኳንህ እንድትመለስ ነው የፈለግኸው። አልልህም። ምስሬን እየለቀምኩ የዚያን ሀብታም ሰው ነገር አጫውትሃለሁ፤ ከዚያ ጥያቄህን ራስህ ትመልሰዋለህ።

ሰውዬው እህል ነጋዴ ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ክፉማ ቢሆን ኖሮ ስለ እሱ ምን አደከመኝ? ለቅሶ ይደርሳል፣ ለደብሩ ይሰጣል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ልጁንም ይወዳል። መውደዱን ማንም አይጠራጠርም። ግን ከፈጣሪ ይልቅ የሰው አፍ ይፈራ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ይተኛል፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ይነሳል። እንዲህ እያለ ከእሱ የሚበልጥ ባለጸጋ ልጅቷን ለወንድ ልጁ ጠየቀውና መሬት አልበቃው አለ።

ልጅቷ ጉንጯ ላይ፣ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ ነጣ ያለች ምልክት ነበረቻት። ትንሽ ናት፤ ብርሃን ካላገኛት አትታይም። ያየ ሁሉ «ቋቁቻ ነው፣ ይለቃታል» ይላል። አባትየው ግን እንቅልፍ አጣ። ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ አማቾቹ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከትልቁ ከተማ ሜካፕ የምትሠራ ሴት አስመጣ። ሴትዮዋ ጉንጯን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና፣ «እሸፍነዋለሁ፤ ማንም አያየውም። ግን ቆዳዋ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ሜካፑ አይይዝልኝም» አለች። እውነቷን ነው፤ ሥራዋ ነው። አባትየው ታዲያ ይህችን ቃል ያዘና ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። «ቆዳዋ ይዘጋጅ! ቆዳዋ ይዘጋጅ!» ቤተሰቡን ሁሉ እንደ ጸሎት አስደገመው። ስለ ቆዳዋ ያልተጨነቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ስለ ልጅቷ ግን እንጃ።

አንተ ወንድ ነህ፤ የሙሽራ ቆዳ እንዴት እንደሚዘጋጅ አታውቅም። ጓዳ ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና የወይባ እንጨት ይነድበታል። ሙሽራዋ ገላዋን ቅቤ ተቀብታ፣ ከአንገቷ በታች በቡልኮ ተሸፋፍና ጉድጓዱ አፍ ላይ በዱካ ትቀመጣለች። ጢሱ ከሥር እየገባ ያልባታል፤ አሮጌው ቆዳ ይላጣል፣ ከሥሩ ለስላሳው ይወጣል። ያቃጥላል ታዲያ! እኔም ሳልመነኩስ፣ በልጅነቴ ገብቼበታለሁ። «እናቴ ድረሽልኝ!» ብዬ ቡልኮውን ጥዬ ስወጣ ያልሳቀ አልነበረም። የሳቁብኝ ሁሉ ሞተው አለቁ፤ እኔ ይኸው ምስር እለቅማለሁ።

በዚያች ከተማ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ ነበር። ሙሽራ ጢስ ላይ ተቀምጣ አትጮህም። ከጮኸች ባለጌ ናት፤ «ይቺ ባሏንም አትችለው» ይሏታል። ችላ ዝም ያለችው ግን እልል ይባልላታል። «የጨዋ ልጅ ጢስ አያስለቅሳትም» ይሉና ወሬውን አማቾቿ ቤት ከእሷ ቀድመው ያደርሱላታል። እየተቃጠለች አለመናገሯ ክብር ሆነላት፤ እንዲህ ያለ ጉድ!

እንግዲህ ልጅቷ ጢስ ገባች። ከእሷ በፊት የአጎቷ ልጅ ልታለማምዳት ብላ ተቀምጣ፣ «ወይኔ ተቃጠልኩ!» ብላ ዘላ ወጥታ ነበር። ሙሽራዋ ግን ጭጭ። ላቧ ይንቆረቆራል፣ ግራ እግሯ እሳቱ አፍ ላይ ነው፣ አታሸሸውም። ወይባ የምታሞቀው ሴትዮ ስንቱን ሙሽራ ያወጣች፣ በሙያዋ የምትኮራ ናት። እሷ እንኳን ግራ ገባትና፣ «ልጄ፣ አልበዛብሽም? ላብርደው እንዴ?» አለቻት። ልጅቷ ወደ እግሯ ጎንበስ ብላ አየችና ቀስ ብላ፣ «ኧረ እኔ ምንም አይሰማኝም» አለች።

ስማ አሁን። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። እኛ «ምንም አይሰማኝም» የምንለው መቼ ነው? ወገብህ እስኪቆረጥ ኩንታል ተሸክመህልኝ ብትመጣና «ደከመህ?» ብልህ፣ «ኧረ እማሆይ፣ ምንም አይሰማኝም» ትለኛለህ። እየተሰማህ! ይሉኝታ ነው፣ ወግ ነው። ሴቶቹም እንደዚያው ሰሙት። «አቤት ጨዋነት! አቤት አስተዳደግ! የወለደ ይውለድ!» ብለው ቤቱን በእልልታ አቀለጡት። ልጅቷን ያናገራት ግን ይሉኝታ አልነበረም፤ እውነቷን ነበር። እግሯ አይሰማትም። ጉንጯ ላይ ያለችውን ምልክትም በመርፌ ቢወጓት አይሰማትም ነበር።

ቋቁቻ አልነበረማ ልጄ! ቋቁቻ ሰውነት አያደነዝዝም። የሥጋ ደዌ ነበር፤ ገና ጅምሩ። ስሙን ስጠራው ፊትህን አታጨማድድብኝ! እርግማን አይደለም፣ ከዘርም አይመዘዝም፤ ጤና ጣቢያ በሚሰጡት ኪኒን የሚድን በሽታ ነው። በጊዜው ቢወስዷት ኖሮ ኪኒኗን ውጣ፣ ድና፣ ተድራ፣ ወልዳ ትኖር ነበር። ይህን የምነግርህ በኋላ አንጀትህ እንዲያርር ብዬ ነው።

ምልክትማ መች ጠፋ! ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ከእግሯ ወልቆ ይቀራል፤ እሷ ሳታውቀው ባዶ እግሯን ቤት ትደርሳለች። ሴቶቹ «ልቧ ሙሽራው ጋ ነው!» እያሉ ይንከተከታሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። በኋላ ግን ፈራች። አባቷ በማለዳ ሊወጣ ሲል በር ላይ ጠብቃ፣ «አባዬ፣ እግሬን ስነካው አይሰማኝም» አለችው።

ሰውዬው ቆመ። መጀመሪያ ጉንጯን አየ፣ ከዚያ እግሯን አየ። ጠረጠረ። ጠረጠረ እኮ ነው የምልህ! የገዛ አጎቱ በዚያ ደዌ ጣቶቹን አጥቶ ነው የሞተው፤ በቤታቸው ስሙ አይነሳም እንጂ። ደግሞ ይህ ሰው ሽምግልና በተቀመጠ ቁጥር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ የሚተርት ሰው ነው። ለሰው ሲሆን ተረት ያምርበታል። ለልጁ ግን ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ሰርጉ ይለፍና ሐኪም እናሳይሻለን። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። አያምሽም አይደል?»

«አያመኝም አባዬ።»

«ተመስገን በያ!»

ተመስገን! ምነው ባመማትና ተመስገን ባለ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ስለ እግሯ ለማንም አልተናገረችም። የጨዋ ልጅ አይደለች? አባቷ ተመስገን ካለ ምን ልትጨምር ነው።

የሰርጉ ዋዜማ ደረሰ። ከበሮው ይመታል፣ ሴቱ ጓዳውን ሞልቶታል፣ ሙሽራዋን ለመጨረሻ ጊዜ ጢስ አስገቧት። ከፍሙ አንዱ ተፈናጥሮ ተረከዟ ሥር ተወሸቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ጣሪያ ይነካ ነበር። እሷ ግን የሚዘፈንላትን እየሰማች ትስቃለች። ሽታ ነበረው፤ የወይባው ሽታ ዋጠው። ተነስታ ስትቆም እግሯ ቅቤና ጥላሸት ብቻ ስለሆነ ልብ ያላት የለም። ወዲያው ቁጭ አድርገው እጅና እግሯን እንሶስላ ይቀቧት ጀመር። እንሶስላውን የምትቀባት ልጅ ተረከዟን ስትነካ፣ «እንዴ! ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሻከረው?» አለቻት።

«እንጃ፤ ምንም አይሰማኝም።»

«እንግዲያው ጥቀርሻ ነው» አለችና ደራርባበት በጨርቅ ጠቀለለችው።

ሲነጋ ሜካፕ የምትሠራዋ ሴት መጣች። ፊቷን ያዘች፤ ቀባች፣ አደረቀች፣ እንደገና ቀባች። ያቺ ነጭ ምልክት ድራሿ ጠፋ። መስታወት ሰጧት። አምራ ነበር። የምጠላውን ነገር ስነግርህ እንኳን ይህን አልዋሽህም፤ በጣም አምራ ነበር። ከዚያ ነጩን ጫማ ሊያጠልቁላት የግራ እግሯን ጨርቅ ፈቱ። የተረከዟ ቆዳ ከጨርቁ ጋር አብሮ መጣ።

ብሩሹ ከሴትዮዋ እጅ ወደቀ። እናትየው «ልጄን!» ብላ አፏን ያዘች። ሙሽራዋ ወደ እግሯ አላየችም፤ እሷ ያየችው የሰዎቹን ፊት ነው። ደነገጠችና፣ «ምን ሆናችሁ? ሜካፑ ተበላሸ እንዴ?» አለች።

አባትየው በጩኸቱ ገባ። አየ። ከውጭ ሰርገኛው ደርሷል፤ ሚዜዎቹ በር ላይ እየጨፈሩ ነው፤ የመኪናው ጡሩምባ አገር ያናውጣል። እናትየው እግሩ ላይ ወደቀችና፣ «ይቅር በለኝ፣ ሰርጉ ዛሬ ይቅር! ታመመች እንበል፤ የታመመ ሰው የለም እንዴ?» አለችው።

«ታመመች? ማን ታመመ? እስቲ አንቺ ልጅ፣ አሞሻል?»

ልጅቷ የአባቷን ዓይን አየች። የሚፈልገውን መልስ አወቀች። ደግሞም እውነት ነበር። «አይ አባዬ፣ ምንም አይሰማኝም» አለች።

«ሰማችሁ!» አለ ሰውዬው።

ሰማችሁ አለ! ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? አዲሱን ሱሪውን ሳይሰስት መሬት ላይ ተንበረከከ። ቁስሉን በጥጥ ሸፈነና ጫማውን በገዛ እጁ አጠለቀላት። በግድ ገባ፤ ገፋ አድርጎ አስገባው። ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና ሚዜውና ፎቶ አንሺው ተከታትለው ገቡ። ሀብታሙ ሰውዬ ከልጁ እግር ሥር ተንበርክኮ ጫማ ሲያጠልቅላት አዩ። «አይ አባት! አይ ፍቅር!» ተባለ። እልል ተባለ። ፎቶ ተነሳ።

ከዚያ በዚያ እግሯ ሄደች። ቤተ ክርስቲያን በዚያ እግሯ ቆመች፣ በዚያ እግሯ ጨፈረች፣ ሰው ሁሉ «ሙሽሪት እንዴት ተጫዋች ናት!» አለላት። በመልሱ ቀን ጫማው አልወልቅ አለ። ሆስፒታል ሲያደርሷት መርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ነበርና እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆረጡት። ሐኪሙ የጉንጯን ምልክት አይቶ ደዌውንም ያኔ ነው የነገራቸው። ኪኒን ሰጧት፤ ዳነች። ደዌው ለቀቃት፤ እግሯ ግን እንደ ሄደ ቀረ። የባሏ ወገኖች ሽማግሌ ልከው «ሸፍናችሁ ሰጣችሁን» አሉ። ባልየው አልቅሷል አሉ፤ አልቅሶ አልቅሶ ሌላ አገባ።

ልጅቷ አባቷ ቤት ተመለሰች። ያ ፎቶ በትልቅ መስታወት ገብቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ገና በሰርጉ ሰሞን ታዞ ስለነበር ማንም ሳያስበው መጣ፣ ማንም ለማውረድ አልደፈረም። እሷ ከሥሩ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ያለ አባት ነው ያለሽ!» ይላታል። «አዎን» ትላለች።

አባትየው ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለው፣ እንቅልፍ እምቢ አለው። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሰበሰበ፤ እንደ ደንቡ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በገዛ ሳሎኑ፣ በገዛ ልጁ ፊት፣ እዚያው ፎቶው ሥር ተንበረከከ። «ልጄ፣ የቆረጥኩሽ እኔ ነኝ። ስድቡንም ስደቢኝ፣ ፊቴ ላይም ትፊብኝ፣ ብቻ ይቅር በይኝ» አላት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ያዘችው። አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። «ተነስ አባዬ፣ ወገብህን ያምሃል። እኔ ምንም አይሰማኝም» አለችው።

ሽማግሌዎቹ «እሰይ! ይቅር አለችው! የጨዋ ልጅ!» ብለው ተነሱ፣ መረቁ። ሰውዬው ግን ያን ቃል ያን ቀን ገና ሰማው። ድንጋዩን አውርድ ቢሉት አላወርድም አለ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ሲወጡ እሱ እዚያው ተንበርክኮ ነበር።

አለቀ። ምስሬም አለቀ። አሁን ወደ አንተ ልምጣ ባዘዘው፤ አንገትህን አትድፋ፣ ቀና ብለህ ስማኝ።

አምና ጥሩዓለም ነርስነት ልማር ብላ ስትለምንህ እህል ትታ አልቅሳለች። እዚህ ድረስ መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ «አባቴን ይለምኑልኝ» ብላኛለች። ለመንኩህ፤ «እማሆይ፣ በቤቴ አይግቡብኝ» አልከኝ። ያኔ ያቃጥላት ነበር። ጮኸች፤ «ባለጌ!» ብለህ በቀበቶ ገረፍካት። ዝም ስትል ደግሞ «ልጄ ልብ ገዛች» ብለህ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራህ። ጢሱን ያነደድከው አንተ፣ እልል ያልከው አንተ። ዛሬ ድንኳኑ ተተክሎ፣ በሬው ተገዝቶ፣ ሰርገኛ ሊመጣ ሲል በርበሬ ለመቀንጠስ «ትፈልጊዋለሽ ወይ?» ብለህ ጠየቅካት። «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» አለችህ። ይህን አንተ እሺታ ትለዋለህ። ለበላውም ለጾመውም አንድ የሚሆን ነገር አይተህ ታውቃለህ? ሁሉም አንድ የሚሆነው ለማይሰማው ሰው ነው ልጄ። ልጅህ አልተስማማችም፤ ደንዝዛለች። እሑድ አንተ ልታጠልቅላት የተዘጋጀኸውን ጫማ እኔ ከዚህ ሆኜ አያለሁ።

ምን አልክ? «ድንኳኑስ? ሰው ምን ይለኛል?» ይኸው! ያም ሰውዬ ያላት ይህችንኑ ነበር።

ተነስና ቤትህ ሂድ። ቀበቶህን እዚህ ትተህልኝ ሂድ፣ ሱሪህን በእጅህ ያዝ። ከፊቷ ቁጭ በልና «በድዬሻለሁ» ብለህ እንደገና ጠይቃት። ካለቀሰችብህ፣ ከጮኸችብህ፣ ስድብም ከጨመረችልህ፣ ያኔ እየሮጥክ ናና እዚህ አብረን እልል እንላለን፤ ገና ይሰማታል ማለት ነው። «ምንም አይሰማኝም አባዬ» ካለችህ ግን እንዳትመርቃት። ድንኳንህን አፍርስና አጠገቧ ተቀመጥ፤ እስክትጮህብህ ድረስ አትነሳ።